ከጎረምሶች ጋር አንድ ሳምንት በወሎ ተራራ መንገድ፦ ምን ይበላሻል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር አባት ነኝ። የ16 ዓመት ሴት ልጄንና የ13 ዓመት ወንድ ልጄን፣ አንዳንዴም የእህቴን ልጅ ጭኜ ወሎን ስዞር ያልተበላሸብኝ ነገር የለም ማለት ይቀላል። ቆይቶ እንደገባኝ ግን የአብዛኛው ችግር ሥር አንድ ነው፤ ጉዞውን የማቅደው በኪሎ ሜትር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል። መንገዱ ግን ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ይቀበላችሁና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሰቅላችኋል፤ ወዲያው ሸዋ ሮቢት ድረስ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ያወርዳችኋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ አሳርፎ እንደገና የሐረጎን ዳገት ያስወጣችኋል። መኪናም፣ ሆድም፣ የጎረምሳ ጠባይም የሚታመመው በዚህ መውጣትና መውረድ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። የምትጠይቁትም ከሳምንት በፊት የሄደ ዘመድ ሳይሆን በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሹፌር ይሁን። እሱ «ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ። የሁላችሁም መታወቂያ፣ የልጆቹም የተማሪ መታወቂያ በእጅ ይኑር፤ ኬላ ላይ ሻንጣ መፍታት ያሰለቻል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል፣ እናንተ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ

መንስኤው ስሌት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ካሰባችሁ ተሸውዳችኋል። እኔ ተራራ ላይ 40 ብዬ ነው የምይዘው፤ በዳገቱ ከባድ መኪና ኋላ ትጎተታላችሁ፣ በሜዳው ከብትና ግመል ይጠብቃችኋል። ጨለማ ከያዛችሁ ደግሞ ነገሩ የመዘግየት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ መብራት የሌለው ጋሪና ቆሞ የቀረ የጭነት መኪና ጠመዝማዛው ላይ የሚታየው ከተደረሰበት በኋላ ነው። ሁልጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መኪናዬን አቆማለሁ።

ብዙ ሞክሬ የቀረልኝ አካሄድ ይህ ነው። እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቶ ኮምቦልቻ ማደር። ደሴ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀርም እሷን ዳገት በድካም አትውጧት። እሁድ የመነሳቱ ምስጢር ባቲ ናት፤ ትልቁ ገበያዋ ሰኞ ነው፣ ከኮምቦልቻም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሌላ ቀን የሄደ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው፣ እኔም አንዴ ሐሙስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰኞ ከሰዓት ደሴ፤ ማክሰኞ በሐይቅ አድርጎ ወልድያ፤ ረቡዕ በጋሸና በኩል ላሊበላ፣ ሐሙስም እዚያው። ዓርብ ተመልሶ ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ቤት። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ባለው የመንፈቅ እረፍት ቢሆን ይመረጣል። ረጅሙ የትምህርት ቤት እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ መዋሉ አለመታደል ነው፤ ያኔ ጣርማበር በጉም ይጠፋል፣ ገደሉም ድንጋይ ይለቃል።

ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ፍሬኑም ለሰለሰ

ይህን ክፍል ቸኩላችሁ እንዳታልፉት። ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ፣ ወይም ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ እግራችሁ ፍሬን ላይ እንደተጫነ ከቆየ ሸራው ይግላል። የጋለ ሸራ መያዙን ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሙቀቱ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡት ስፖንጅ የረገጣችሁ ያህል ይሰምጣል። ሽታው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፣ የፔዳሉ መስመጥ የመጨረሻው።

ሽታው ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉና ቁሙ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ ግን እንዳታፈሱበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግማችሁ ርገጡት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ዝቅ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ ሳቡ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው እዚያ አለመድረስ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ 2ኛ ወይም 3ኛ አውርዱና ሞተሩ መኪናውን ይያዘው፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ትረግጣላችሁ፣ ትለቃላችሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮም «ኤል» ወይም «2» የተጻፈበት ቦታ አለው፣ ጌጥ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ የሞኝ ቁጠባ ነው። በእኛ መኪና ይህን የመከታተል ሥራ የልጄ ነው፤ ዋሻው ሲታየው «አባዬ፣ ማርሽ!» ይላል። አንዴ ወሬ ይዞኝ ረስቼ ያዳነኝ እሱ ነው።

በዳገት በኩል ችግሩ የሞተር መጋል ነው። ከወልድያ ወደ ድልብ ስትወጡ መርፌው ከተነሳ ኤሲውን አጥፉ፣ ካልወረደ ቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ እያለ አትንኩ።

ልጁ ገርጥቷል፣ ዝም ብሎ ምራቁን ይውጣል

ሊያስታውክ ነው። ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል፣ ስልክ ላይ የተተከለው ዓይኑ ደግሞ «ቆመናል» ይላል፤ አንጎል በሁለቱ መካከል ሲዋልል ሆድ ይገለበጣል። ስልኩን ይተው፣ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ዓይኑን ሩቅ ወዳለው መታጠፊያ ይጣል፣ መስኮት ይከፈት። የሎሚ ልጣጭ ማሽተትም ብዙዎችን ያረጋጋል። ቁርሱ ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ከነበረ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ዳቦና ሻይ ይበቃ ነበር። ፌስታል በየወንበሩ ኪስ ይኑር፣ ትልቅ ልጅ ስለሆነ አያስታውክም ብላችሁ አትዘናጉ።

ጆሮ መደፈኑ ከፍታው ስለተቀየረ ብቻ ነው፤ ማስቲካ ወይም ዳቦ ቆሎ አስኝኳቸው። ለእነሱ ግን ይህን ወደ ጨዋታ መቀየር ይቻላል። ጣርማበር ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርገው ይክደኑና ሸዋ ሮቢት ላይ ይዩት፤ የቆላው አየር ጨፍልቆት ያገኙታል። ልጄ ይህን ካየ ጀምሮ ሁልጊዜ አንድ ፕላስቲክ ይዞ ነው የሚመጣው።

በሁለተኛው ቀን ኩርፊያ ገባ

ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ ለጥያቄ ሁሉ «እህ» የሚል መልስ። ወላጅ ይህን የስልክ ሱስ ይለዋል። አይመስለኝም፤ ልጄ ያኮረፈችው ስልክ ስለያዘች አይደለም፣ ስላኮረፈች ነው ስልክ የያዘችው። ትንሽ ልጅ ወደ ወሰዱት ይሄዳል። የ16 ዓመት ልጅ ግን ሳትጠየቅ ከተጫነች ራሷን እንደ ሻንጣ ነው የምታየው።

እኔን የሠራልኝ ሥልጣን ማካፈል ነው። ለአንዷ የቀኑን የምግብና የነዳጅ ብር ሙሉውን በእጇ ሰጠሁ፣ እየመዘገበች ታወጣለች፤ የተረፈው የእሷ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሳችን ሽሮ ሆነ፣ ማንም አላጉረመረመም። ለሌላው ከጉዞው አንድ ሙሉ ቀን ሰጠሁት፤ የት እንደምንቆም እሱ ይወስናል፣ እኔ እነዳለሁ።

ሙዚቃውንም ለእነሱ ተዉላቸው፣ በአንድ ውል ግን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ በዚሁ መንገድ የምታዩአቸው ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ስትገቡ በባቲ ቅኝት የተዘፈነ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ በአምባሰል የተዘፈነ ይፈልጉ። ኔትወርክ ስለሚቋረጥ አዲስ አበባ ሳሉ ያውርዱት። ለልጄ የመጀመሪያው «የሽማግሌ ዘፈን» ነበር፤ ከአምባሰል ተራራ ሥር ግን ሁለቴ ደገመችው፣ እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ውጫሌ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጣሉላቸው። በ1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን «ግዴታ አለባቸው» የሚል መንፈስ ነበረው። ከአንድ ግሥ ተነስቶ ዓድዋ ድረስ እንዴት ተደረሰ? ወልድያ እስክትገቡ ይከራከራሉ።

ሴት ልጃችሁ በር ላይ ቀረች

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። እኔ የወሎ ልጅ ሆኜ ይህን አውቃለሁ፣ ለልጄ ግን አልነገርኳትም ነበር። ወንድሟ ሲገባ እሷ በር ላይ ቆማ ቀረች። እስከ ወልድያ አላናገረችኝም፣ እውነቷን ነው። በቀጣዩ ጊዜ ከቤት ሳንወጣ ነገርኳት፤ እሷና እናቷ ሐይቁ ዳር ሲውሉ እኛ ገባን፣ አሳ የበሉት እነሱ ስለነበሩ የቀናነው እኛ ነን።

ደሴ ላይ ግማሽ ቀን ጠፋ

መንስኤው አክስት ናት። «ለአምስት ደቂቃ ሰላም ብለን» ተብሎ የሚገባበት የወሎ ቤት የለም። «ኧረ በሞቴ! ልጆቹ ሳይበሉ?» ከተባለ በኋላ ቡናው ይቆላል፤ አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ይህን በማምለጥ አትፈቱትም። የሰኞን ምሽት እንዳለ ለዘመድ መድባችሁ የጦሳን ተራራና የከተማውን ሙዚየም ወደ ማክሰኞ ማለዳ አዙሩ። ልጆቹም በሦስተኛው ስኒ ላይ ስለ አባታቸው ልጅነት እኔ የማልነግራቸውን ሁሉ ይሰማሉ።

ላሊበላ ላይ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» አሉ

11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ስላሳያችኋቸው ነው። ለሁለት ክፈሉት። ስትገቡ «ጣሪያው ቀድሞ ነው የተሠራው ወይስ መሠረቱ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለ ሲገባቸው አስጎብኚውን ራሳቸው ያፋጥጡታል። የሲኦል ምሳሌ የሚባለውን ጨለማ መተላለፊያ መብራት ሳያበሩ ግድግዳውን እየዳበሱ ይለፉት። ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ አስቀሩት። ማታ እግራቸውን ካከኩ ከምንጣፉ የመጣ ቁንጫ ነው፤ ጫማ ስለሚወለቅ ረጅም ካልሲ ይልበሱ።

የቀሩት ትናንሾቹ

ብርድ፦ ጋሸና ደጋ ነው፣ ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ወንበር ላይ ይሁን። ነዳጅ፦ ሰልፍና እጥረት ስለሚኖር ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት፤ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር መሆኑንም አስቡ። ብር፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ አይከፍልም፣ ጥሬ ብር በሁለት ኪስ ያዙ። ጎማ፦ ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ከመነሳት በፊት ጎሚስታ ይየው፤ ክሪክ መጠቀምንም ልጆቹን ግቢ ውስጥ አስተምሯቸው።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዓይናችሁ ከበደ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ፣ ምሳውና የሳምንቱ ድካም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ፊት ለፊት ደግሞ የጣርማበር ዳገት አለ። ልጆቹ ኋላ ተኝተዋል፣ የሚያወራ የለም። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያታልለው። ዛፍ ጥላ ሥር አቁሙና 20 ደቂቃ ተኙ፣ ስልኩን ልጅቱ ትያዝና ትቀስቅሳችሁ። ከዚያ ወሬኛውን ልጅ ፊት አስቀምጡት፤ ደብረ ሲና ስትደርሱም ቆሎ ግዙለት፣ አፉ እንዳይቦዝን።