ነጭ ቀለም የዘጋውን የዲቲኤፍ ሄድ በስሪንጅ መክፈት

ዲቲኤፍ ምስልን ፊልም ላይ አትሞ ወደ ልብስ የሚያዛውር ማተሚያ ነው፤ ሄዱ ደግሞ ቀለሙን የሚረጨው ክፍል ነው። ነዝል ቼኩ (የሄዱ ቀዳዳዎች መክፈታቸውን የሚያሳየው የሙከራ ህትመት) ላይ ሌሎቹ ቀለሞች ሙሉ ወጥተው ነጩ ብቻ ግማሹ ከጠፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ (ቀለሙን ነጭ የሚያደርገው ዱቄት) ነው፤ ከበድ ስለሚል ይዘቅጣል። ክሊኒንግ (የማሽኑ የራሱ ሄድ ማጽጃ) ሁለቴ ተሞክሮ ለውጥ ከሌለ መደጋገሙ ቀለም ማባከን ነው።

መጀመሪያ ዳምፐሩ (ቀለም ወደ ሄዱ ሲሄድ የሚያልፍበት ትንሽ ማጣሪያ) ይታይ፤ አየር ከገባበት ሄዱ ያለ ጥፋቱ ነው የሚታማው። ዳምፐሩ ደህና ከሆነ ማሽኑ ጠፍቶ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ሄዱ ሥር ቃጫ የማይተው ጨርቅ ይነጠፋል። 5 ሚሊ ሊትር የዲቲኤፍ ማጠቢያ በስሪንጅ ተስቦ፣ በለስላሳ ቱቦ ከነጩ መግቢያ ጋር ይገጠማል። 1 ሚሊ ሊትር ያህል በቀስታ ይገፋና 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና። ጨርቁ ላይ መጀመሪያ እርጎ የመሰለ ጠብታ፣ ኋላ ጥርት ያለ ቀጭን መስመር ይወጣል።

እምቢ ካለ ጉልበት አያስፈልግም፤ ግፊት የሄዱን ስስ የውስጥ ክፍል ይሰብርና ቀለም ከቀለም ይደባለቃል፣ ያ ደግሞ መድኃኒት የለውም። አሴቶን በፍጹም፤ ማጣበቂያውን ይበላል።

ፍላት ኬብሉ (ሄዱን ከማሽኑ ቦርድ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ) እርጥብ ሆኖ መብራት ከተሰጠው ሄዱም ቦርዱም ሊቃጠል ይችላል፤ ኬብሉ ሲነቀልም ሲሰካም በደረቅ እጅ። የሄዱ ማረፊያ ጎማም ይጽዳ፤ የደረቀ ቀለም ካለበት አጥብቆ ስለማይከድን ሄዱ በማግስቱ ተመልሶ ይዘጋል።