ዶሜይን ስም ሲመርጡ በኋላ የሚያስቆጩ ስህተቶች

አዲስ ድረ ገጽ ሲታሰብ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው በዲዛይኑ ላይ ነው፤ ሰዎች ድረ ገጹን የሚያገኙበት አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይን ስሙ፣ ግን በችኮላ ይገዛል። ዲዛይን በፈለጉ ጊዜ ይቀየራል፤ ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሆስቲንግም ካልተመቸ ወደ ሌላ ይዛወራል። ስም ሲቀየር ግን ሰዎች ያጋሯቸው ሊንኮች፣ የታተሙት ቢዝነስ ካርዶች፣ የኢሜይል አድራሻዎቹም ሁሉ አብረው ይናጋሉ። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስሙ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ስሙን በዓይን ብቻ መምረጥ ነው። ስክሪን ላይ ያማረ ስም በስልክ ሲነገር ላይያዝ ይችላል። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ፀሐይ»ን አንዱ በቲ እና በኤስ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ ብቻ፤ መጨረሻዋን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ ይጽፋታል። እዚሁ ላይ አራት አጻጻፍ ወጣ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ስሙን ለጥቂት ሰዎች በስልክ ይንገሯቸውና ጽፈው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሁሉም የተለያየ ነገር ከላኩ ያ ስም ይቅርብዎ። በጣም ከወደዱት ግን ሌሎቹንም አጻጻፎች ገዝተው ወደ ዋናው እንዲመሩ ያድርጉ።

ሰረዝና ቁጥርም በዚሁ ምክንያት አይመከሩም። «ሁለት» ሲባል የሰማ ሰው በአሃዝ ይጻፈው በፊደል አያውቅም። ርዝመትን በተመለከተ፣ ከነጥቡ (ለምሳሌ ከ«ዶት ኮም») በፊት ያለው ክፍል እስከ 63 ፊደል ድረስ ይፈቀድለታል፤ እኔ ግን ከ15 እንዳይበልጥ እመክራለሁ።

ሌላው ስህተት ከነጥቡ በኋላ ያለውን ለውበት ብሎ መምረጥ ነው። ኦቨርስቶክ የተባለው የአሜሪካ የኦንላይን መደብር እ.ኤ.አ. በ2011 «ኦ ዶት ኮ» በሚል አጭር ስም ራሱን ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር። ብዙ ደንበኞች ግን ከልማድ «ዶት ኮም» ብለው ይጽፉ ስለነበር ኩባንያው ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ባለ ሁለት ፊደል መጨረሻዎች በሙሉ የአገራት ወይም የግዛቶች መሆናቸውንም አይርሱ፦ ዶት ኤአይ የአንጉዪላ፣ ዶት ቲቪ የቱቫሉ፣ ዶት ኤልዋይ የሊቢያ ነው። ደንቡን የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሊቢያን ስሞች የሚያስተዳድረው መዝገብ አንድ ሊንክ ማሳጠሪያ ድረ ገጽን ከአገሪቱ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ስሙን ነጥቆታል።

የታወቀ የንግድ ምልክት የሚመስል ስም መያዝም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ክርክር ዓለም አቀፍ አሠራር አለ። የምልክቱ ባለቤት የስሙን መመሳሰል፣ እርስዎ በስሙ ላይ መብት እንደሌለዎትና በክፉ ዓላማ እንደያዙት ካስረዳ ስሙ ለእሱ ይተላለፋል። ቀድሞ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ስም ሲገዙ ደግሞ የድረ ገጾችን የቀድሞ ገጽታ በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን የኋላ ታሪኩን ይመልከቱ። የማጭበርበሪያ ገጽ ከነበረ፣ የሚልኩት ኢሜይል ገና ከጅምሩ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ስሙን በሌላ ሰው እጅ መተው። ድረ ገጹን የሚሠራው ባለሙያ «እኔ እገዛልሃለሁ» ብሎ ስሙን በሚሸጠው ድርጅት ዘንድ ባለው በራሱ አካውንት ያስመዘግበዋል። በክፉ ሐሳብ ሳይሆን ሥራውን ለማቅለል ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባለሙያው ስልክ ማንሳት ሲያቆም ወይም በክፍያ ስትጣሉ፣ በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሚታየው እሱ ነው። አካውንቱን ራስዎ ይክፈቱ፣ ስሙን በራስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም ያስመዝግቡ፤ ባለሙያው የሚያስፈልገው ስሙን ከድረ ገጹ ጋር የሚያገናኘው የዲኤንኤስ ቅንብር መዳረሻ ብቻ ነው።

እድሳትንም ችላ አይበሉ። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ቅናሽ ሆኖ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ስለሚችል፣ ሲገዙ የእድሳቱን ዋጋ ይጠይቁ። መዘንጋት ትልቅ ኩባንያም ላይ ይደርሳል፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1999 ማይክሮሶፍት የሆትሜይል መግቢያ የነበረውን ፓስፖርት ዶት ኮም ሳያድስ ቀርቶ፣ ከኩባንያው ውጭ የሆነ አንድ ፕሮግራመር የእድሳቱን 35 ዶላር ከፍሎለታል። አውቶማቲክ እድሳትን ያብሩ፤ የባንክ ካርድዎ ሲቀየርም አካውንቱ ውስጥ ይቀይሩት። የአካውንቱ ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ስሙ ጊዜው ካለፈበት ኢሜይሉም አብሮ ስለሚቆም ማስጠንቀቂያው አይደርስዎትም።