አገር አቀፍ የተማሪዎች ተቃውሞ ለምትመሩ

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አሳጥሩት። ሰልፍ ላይ ሦስት ተማሪ አስቁማችሁ «ለምን ወጣህ?» በሉ፤ ሦስት የተለያየ መልስ ከሰጧችሁ ገና ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካዋ ግሪንስቦሮ ከተማ ውስጥ 4 ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተከለለ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። ጥያቄያቸው መቀመጣቸው ራሱ ነበር፣ ማብራሪያ አላስፈለገውም። በማግስቱ ሌሎች ተማሪዎች ተቀላቀሏቸው።

ሁሉንም ነገር አንድ ሰው ላይ አትጫኑ። መሪው ሲታሰር ወይም ሲታመም የቴሌግራሙን ቻናል ማን ይከፍታል፣ ጋዜጠኛ ሲደውል ማን ያነሳል፣ ይሄ ቀድሞ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2011 በቺሊ የትምህርት ተቃውሞ ፊት ለፊት የነበረችው ካሚላ ቫዬሆ በዚያው ዓመት መጨረሻ የተማሪ ማኅበሯን ፕሬዚዳንትነት በምርጫ ለጋብሪኤል ቦሪች አስረከበች፣ ንቅናቄው ግን አልቆመም። እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት የጠበቃችሁን ስልክ ክንዳችሁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ስልካችሁ ከተወሰደ በቃላችሁ የምታውቁት ቁጥር ስንት ነው? ብዙ ሰው አንድም የለውም። ስልኩን በጣት አሻራ ሳይሆን በረጅም የይለፍ ቃል ቆልፉት። ብቻችሁን አትሂዱ።

ድንጋይ የሚያነሳ ካለ እዚያው አስቁሙት፤ የአንድ ሰው ድንጋይ የሺዎችን ጥያቄ ከዜና ያስወጣዋል።

ስለ ገንዘብ፦ የተዋጣውንም የወጣውንም በየሳምንቱ ለሁሉም አሳዩ። ሐሜት ከዱላ በላይ ይበትናል።

እንቅልፍም አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተናዳችሁ የጻፋችሁትን መግለጫ ጠዋት ሌላ ሰው ሳያነበው አታውጡት። ፈተና ካለባችሁ ለጓደኛችሁ ተራ ስጡና ተፈተኑ። እናታችሁ ጋም ደውሉ፣ ስማችሁን ከዜና ከመስማቷ በፊት።