የዲሲና የአካባቢዋን ሕዝብ የዘር ስብጥር ለውጥ ከሴንሰስ ሰንጠረዥ ማውጣት

ዲሲና አካባቢዋ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ «ሰፈሩ ተቀየረ» የሚል ወሬ አይጠፋም። አንዱ ጥቁሩ ከከተማው ተነቅሎ አለቀ ይላል፤ ሌላው ሜሪላንድ ስፓኒሽ (ላቲኖ) ብቻ ሆነች ይላል። ሁሉም የሚያወራው ከሥራ ሲመለስ በመንገዱ ያየውን ነው። የማኅበራችንን የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ የምጽፈው ግን እኔ ነኝና ወሬ ይዤ መቅረብ አልችልም። ቁጥሩ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ (ሴንሰስ) ቢሮ ድረ ገጽ፣ ዳታ ዶት ሴንሰስ ዶት ጎቭ ላይ በነፃ ተቀምጧል። እንዴት እንደማወጣው ላሳያችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ድንበሩን ወስኑ። «ዋሽንግተን ሜትሮ» የሚባለው ክልል ዲሲን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎችን (ከስቴት በታች ያሉ አስተዳደሮችን)፣ አልፎም ከዌስት ቨርጂኒያ ጀፈርሰን ካውንቲን ይይዛል። ወሰኑን የሚያወጣው የፌዴራሉ የአስተዳደርና በጀት ቢሮ ነው፤ ዋናው መለኪያው ሰው ለሥራ ከየት ወዴት ይመላለሳል የሚለው ነው። ዝርዝሩ ግን በየጊዜው ይከለሳል። የዛሬውን ሜትሮ ከድሮው ሜትሮ ጋር ካነጻጸራችሁ፣ አንድም ሰው ቤት ሳይቀይር፣ አዲስ ካውንቲ ስለተጨመረ ብቻ ስብጥሩ ይለወጥባችኋል። ስለዚህ የራሳችሁን የካውንቲ ዝርዝር ጻፉና ለሁሉም ዓመት እሱኑ ተጠቀሙ። የኔ ዝርዝር ዲሲ፣ ሞንጎመሪ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደንና ፕሪንስ ዊሊያም ነው። ቨርጂኒያ ሌላ ጣጣ አላት፦ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ፌርፋክስ ሲቲ፣ ማናሳስና ማናሳስ ፓርክ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ስለሆኑ በየትኛውም ካውንቲ ውስጥ አይቆጠሩም። ለየብቻ ካልደመራችኋቸው ይቀራሉ። አሌክሳንድሪያ የሌለችበት የሐበሻ ሪፖርት ምን ሊባል ነው?

ቀጥሎ ብዛቱን አውጡ፤ ፐርሰንቱ ይቆይ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዲሲን ይዘን ቀስ ብለን እንሂድ። ዲሲ በ1970 ከመቶ 71 ያህሉ ነዋሪዋ ጥቁር ነበር። በ2010 ከ601,723 ነዋሪዎች 305,125ቱ «ጥቁር ብቻ» (ሌላ ዘር ያልመረጡ) ተብለው ተቆጠሩ፤ 50.7 በመቶ ማለት ነው። በ2020 ከ689,545ቱ 285,810 ሆኑ፤ 41.4 በመቶ። ድርሻው ከ9 የፐርሰንት ነጥብ በላይ ወረደ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጥቁሩ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ ቢል አይፈረድበትም። ብዛቱ የቀነሰው ግን በ19,315 ነው፣ ከስድስት በመቶ ትንሽ በለጥ ያለ።

አሁን አንድ ስሌት ጨምሩ። የ2020ውን ጥቁር ሕዝብ ለ2010 ጠቅላላ ሕዝብ አካፍሉት፤ 47.5 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ከ9.3 ነጥቡ ውስጥ 3.2 ያህሉ የጥቁሩ ብዛት በመቀነሱ የመጣ ነው፤ የቀረው 6.1 የሌሎች ቁጥር ስለጨመረ ነው። «ተባረሩ» እና «ሌላ ሰው መጣባቸው» የተለያየ መፍትሔ የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው፤ ማመልከቻ ላይም ልዩነቱ ብዙ ነው። እኔ ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ካውንቲ ሳልሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጽፍም።

ከዚያ ቅጹ ራሱ ምን እንደጠየቀ ተመልከቱ። በ2020 ቅጽ ላይ ላቲኖ መሆን አለመሆን አንድ ጥያቄ ነው፣ ዘር ሌላ ጥያቄ ነው። ላቲኖ የሆነ ሰው ነጭም ጥቁርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ዝም ብሎ የደመረ ከመቶ በላይ ያገኛል። ለዚህ ጥሩው ሰንጠረዥ ቢ03002 ነው፦ ላቲኖዎችን በአንድ ረድፍ አድርጎ የቀሩትን በዘር ይዘረዝራል፣ ድምሩም ልክ መቶ ይሆናል።

ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደው በ2000 ነው። በ2020 ደግሞ ነጭና ጥቁር የሚለው ሥር የትውልድ ሐረግ የሚጻፍበት ቦታ ተጨመረ፤ የመልስ አመዳደቡም ተቀየረ። በአገር ደረጃ «ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር» የተባለው ሕዝብ በ2010 ከነበረበት 9 ሚሊዮን ወደ 33.8 ሚሊዮን ዘለለ። በአሥር ዓመት ያን ያህል ሕፃን ስለተወለደ አይደለም። «ነጭ ብቻ» የሚለው በዚያው ጊዜ በ8.6 በመቶ መውረዱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። መላው ሁለቱንም ዓምድ ማውጣት ነው፦ «ብቻ» የሚለውንና «ብቻ ወይም ከሌላ ጋር» የሚለውን። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ለውጡን እመኑት። አንዱ ወርዶ ሌላው ከወጣ ግን ከሕዝቡ ይልቅ የተለወጠው አቆጣጠሩ ሳይሆን አይቀርም። በ2024 የወጣው የፌዴራል መመሪያ ደግሞ ሁለቱን ጥያቄ አንድ አድርጎ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ተወላጆችን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ወደፊት ሌላ ዝላይ ስታዩ እንዳትደነግጡ።

በሁለት ቆጠራዎች መካከል ላሉት ዓመታት አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ የሚባለው የቆጠራ ቢሮው ጥናት አለ። እሱ ናሙና ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የስህተት ህዳግ (ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ምን ያህል ሊስት እንደሚችል) ተጽፏል፤ አትዝለሉት። የአንድ ዓመት መረጃው የሚወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላለው ቦታ ነው። ለትንሽ ቦታና ለትንሽ ማኅበረሰብ የአምስት ዓመት መረጃ በአንድ ላይ የተጠቃለለበትን ውሰዱ፣ የማይደራረቡ ዘመኖችን ብቻ አነጻጽሩ፦ 2010–2014ን ከ2015–2019 ጋር።

የኛን ሰው ለማግኘት ሁለት በር አለ። ቢ05006 የትውልድ አገርን፣ ቢ04006 የዘር ሐረግን ይሰጣል። የመጀመሪያው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለዱ ልጆቻችሁን አይቆጥርም፤ ሁለተኛው ሰው ራሱ በጻፈው ላይ ይወሰናል። እኔ ለቋንቋ አገልግሎት ጥያቄ የመጀመሪያውን፣ ለወጣቶች ፕሮግራም ሁለተኛውን አቀርባለሁ። የ2020 ቅጽ «ጥቁር» በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊን በምሳሌነት ጠቅሶ ነበር፤ ያላያችሁት ካላችሁ ቅጹን ፈልጋችሁ እዩት።

ለምን ተለወጠ ለሚለው፣ ሰንጠረዡ ብቻውን መልስ የለውም። ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ተደራርበው ነው አንድ ቁጥር የሚሆኑት። ቢያንስ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ለብቻ አውጡና ከአዋቂዎቹ ጋር አስተያዩ፤ በልጆቹ ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ምንም አዲስ ሰው ባይመጣም ይቀጥላል። ፕሪንስ ጆርጅስን ስትሠሩ ዲሲን አጠገቧ አስቀምጡ። የካውንቲው ጥቁር ሕዝብ በ1990 ከግማሽ አልፎ ነበር፤ ብዙው ከዲሲ የተሻገረ ቤተሰብ ነው። አንዱን ለብቻው ያነበበ ሰው ያንኑ ቤተሰብ እዚያ ጠፋ፣ እዚህ በቀለ ይለዋል።

ወደ አንድ ጎዳና አትውረዱ። በ2020 ለግለሰቦች ምስጢር ሲባል በየብሎኩ ቁጥር ላይ ሆን ተብሎ መዛባት ተጨምሯል፤ ከሴንሰስ ትራክት (ብዙ ብሎኮችን ከሚይዘው የቆጠራ ክልል) በታች ባትሄዱ ይሻላል። ቆጠራው ራሱም እኩል አልደረሰም፦ በአገር ደረጃ ጥቁሮች በ3.30፣ ላቲኖዎች በ4.99 በመቶ አንሰው፣ ላቲኖ ያልሆኑ ነጮች በ1.64 በመቶ በዝተው ተቆጥረዋል። ይህን ፐርሰንት በካውንቲያችሁ ላይ አታባዙት፤ የአገር አማካይ ነው።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ የትኞቹ ካውንቲዎች፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሰንጠረዥ፣ «ብቻ» ወይስ «ከሌላ ጋር»፣ ላቲኖ የት እንደገባ። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።