አናጺ ስትመርጡ አሮጌ ሥራውን እዩ

አናጺ በስልኩ የሚያሳያችሁ ፎቶ ሁሉ ያምራል፤ የተነሳው ቀለሙ ሳይደርቅ ነዋ። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ክረምትም በጋም ያለፈበትን ሥራ አሳየን በሉት። የኪችን ካቢኔት ከሆነ በቀጥታ ወደ ሲንኩ ሂዱ፤ ከሥሩ ያለውን በር ከፍታችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣት ዳብሱት። ጠርዙ በደንብ ያልታሸገ ቺፕውድ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። የጣውላ በር ከሆነ ከፈት ዘጋ አድርጉት። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ በሩም ወይ አልዘጋ ይላል ወይ ክፍተት ያወጣል። ባለቤቱንም "በቀጠሮው አስረከባችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ (ብዙ ጊዜ መልሱ ሳቅ ነው)። ለአንድ መደርደሪያ ግን ይህን ያህል አትልፉ። የቆየ ሥራ የሌለው ጀማሪ ከሆነም መጀመሪያ ትንሽ ነገር አሠሩት።