የዌስት ማሩንን ጅረት ተከትሎ እስከ ተራራው መተላለፊያ እንዴት ይሮጣል?

ኮሎራዶ ውስጥ፣ አስፐን ከተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ ከማሩን ሐይቅ ተነስቶ የዌስት ማሩንን ጅረት ሽቅብ የሚከተል የእግር መንገድ አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ፣ መተላለፊያው ደግሞ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ደርሶ መልስ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ የለመደ ሯጭ አያስደነግጥም፤ እዚህ የሚያስፈራው ሰዓት ነው። ጅረቱም መብረቁም የሚበረቱት ከቀትር በኋላ ነውና። (ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ ወሩን ምረጡ። በጁን መተላለፊያው ብዙውን ጊዜ በረዶ እንደተጫነው ነው። ከጁላይ አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። በዚህ ወቅት መኪና ለማቆምም ሆነ በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ለመሄድ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። እኔ የመኪና ማቆሚያውን እመርጣለሁ፤ በአውቶቡስ ሰዓት ሳትታሰሩ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ትችላላችሁና።

ከዴንቨርና ከኦሮራ ለምትመጡ ወገኖች አንድ ነገር ልበል፦ «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» የሚለው ኩራት እዚህ ብዙ አያስኬድም። አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰውም ዴንቨር ሲከርም ሰውነቱ ከከተማዋ 1,600 ሜትር ከፍታ ጋር ይላመዳል። ቢቻል ከዋዜማው ጀምሮ አስፐን እደሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ውረዱ።

ስንቅ ቀላል ይሁን፦ ውኃ፣ የውኃ ማጣሪያ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ። በማር የተለወሰ በሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ቆሎ ግን በደረቀ አፍ አይታኘክም። ስልክ አይሠራም ብላችሁ ተነሱ፤ የምትመለሱበትን ሰዓት ለሰው ንገሩ።

እስከ ክሬተር ሐይቅ ያለው የመጀመሪያው 3 ኪሎ ሜትር ድንጋያማ ነው። አትቸኩሉ፤ ዳገቱን በፈጣን እርምጃ መውጣት ሩጫን እንደማቋረጥ አይቆጠርም። ንግግር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሸለቆው ይከፈታል፤ መንገዱ በአኻያ ቁጥቋጦ መካከል ያልፋል። ቁጥቋጦው ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘመድ የሚወደው ቦታ ስለሆነ፣ ድምፅ እያሰማችሁ እለፉ፤ ካያችሁትም ራቅ ብላችሁ ዙሩት።

ጅረቱን መሻገር አይቀርም፤ ጫማ ማውለቅም አያስፈልግም። በባዶ እግር በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ከመቆም በረጠበ ጫማ መሮጥ ይሻላል። የሻንጣችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ በቶሎ መጣል አለባችሁ። ፊታችሁን ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙራችሁ፣ በዱላ ተደግፋችሁ፣ አንዱን እግር ሳታረጋግጡ ሌላውን ሳታነሱ ወደ ጎን ተራመዱ። ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ደስ ይላል፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እዚያ ላይ ነው።

ዛፍ ማደግ ከሚያቆምበት ከፍታ በላይ መጠለያ የለም። የመጨረሻው ዳገት ቀጥ ያለና ልል ድንጋይ የበዛበት ነው፤ እዚህ የሚሮጥ ሰው ጥቂት ነው። 5 ሰዓት ሲሆን መተላለፊያው ላይ ካልደረሳችሁ፣ ምን ያህል ቢቀርብም ተመለሱ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሰዓት ማየትም አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ውረዱ።

ቁልቁለቱን በአጫጭር እርምጃ፣ ጉልበት አጠፍ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁን ከእግራችሁ ጥቂት ሜትር ፊት አድርጋችሁ ሩጡ። ጅረቱ ዘንድ ስትደርሱ ግን ጠዋት የተሻገራችሁት ውኃ አይጠብቃችሁም፤ ፀሐይ በረዶውን ስታቀልጠው ስለዋለች ሊጨምር ይችላል። ከጉልበት በላይ የሚደርስና የሚገፋ ከሆነ፣ በዳርቻው ወጣ ወይም ወረድ ብላችሁ ሰፍቶ የሚፈስበትን ፈልጉ፤ ሰፊው ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም።