የዘይት ግፊት ሲወርድ፦ ሞተር ከመውረዱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ከመተማ ሰሊጥ ጭና የምትወጣ አሮጌ መኪና ከገንዳ ውሃ ሙቀት ተነስታ የአይከልን ዳገት ስትጨርስ ዘይቷ እንደ ውሃ ቀጥኗል። አዘዞ ገብታ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ዝቅ ብሎ እየሠራ ስትቆም ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትላለች፣ ነዳጅ ሲሰጣት ትጠፋለች። ባለመኪናው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ"፣ ማለትም ከመኪናዋ ወጥቶ ይበተን የሚል ነው። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሳይለካ የወረደ ሞተር ስንቱን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ እንደከተተ ስለማውቅ፣ እኔ የማይበትነውንና ርካሹን አስቀድሜ ነው የማየው።

መብራቷ በጉዞ ላይ በርታ አልጠፋ ካለች ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። "ጎንደር ድረስ ብቻ ታድርሰኝ" አይባልም። ግፊት ከሌለ የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ እና የሚያርፍበት ቤሪንግ ብረት ለብረት ይፋጫሉ፣ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቆም ይችላል።

የዘይቱ መጠንና መልክ

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩ ከጠፋ 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ መብራቷ ቶሎ የምታሳብቀው ዳገት፣ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ላይ ነው፤ ሊማሊሞን ስትወርዱ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ዘይቱን ከሥር የሚስበው መምጠጫ አየር ይስባል። ሙሉት፣ ከዚያ ግን የት እንደሄደ ፈልጉ፦ ከሥር ይንጠባጠባል ወይስ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል?

ዘይቱ ከመለኪያው የላይኛው መስመር በላይ ከሆነ ደግሞ ሳትሞሉት መጨመሩ በራሱ ምልክት ነው። አሽትቱት። ናፍታ ናፍታ ካለ ከሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም ከናፍታ ፖምፓው ገብቶ ዘይቱን አቅጥኖታል። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ውሃ ገብቷል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ እና የዘይት ማቀዝቀዣው ይፈተሹ። ምንጩ ሳይደፈን ዘይት መቀየር ገንዘብ መድፋት ነው።

መብራቷ እውነት ተናግራለች?

ይህን ደረጃ የሚዘል መካኒክ አልወድም። መብራቷን የሚያበራውን የዘይት ግፊት ሴንሰር ፈትቶ በቦታው በእጅ የሚታሰር የግፊት ጌጅ ማስገባት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጥርሱ ልክ መሆኑን እዩ፣ በጉልበት አታስገቡት። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ስንት እንደሚያነብ፣ በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ስንት እንደሚደርስ ጻፉ። ትክክለኛው ልክ የዚያ ሞተር መመሪያ ላይ ያለው ነው። እሱ ከሌለ በልማድ የሚሠራበት ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 0.7 ባር (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት በአብዛኛው የሚበራው ግፊቱ ከ0.5 ባር በታች ሲወርድ ነው። ጌጁ ደህና ካነበበ ጥፋቱ የሴንሰሩ ወይም የገመዱ ነው፤ እሱን ቀይራችሁ ሂዱ።

ግፊቱ በእርግጥ ከወረደ

አሁን የሚጠየቀው መቼ እንደሚወርድ ነው። ጠዋት በብርድ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ያረጀ ወይም ከሚገባው የቀጠነ ነው፣ አለዚያም ራዲያተሩ ተደፍኖ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ አለዚያም ቤሪንጉ ሰፍቷል። ፊልትሮውን ከዘይቱ ጋር ቀይራችሁ፣ መመሪያው የሚለውን ቁጥር ሞልታችሁ እንደገና ለኩ።

በብርዱም በሙቀቱም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ እየወረደ አርፎ ሲነሳ የሚያገግም ከሆነ፣ ዓይናችሁን ወደ ዘይት መምጠጫው ወንፊት አዙሩ። የእኔዋ መኪና ችግር ይኸው ነበር። ኅዳር ላይ፣ ጭነቱ በሚጧጧፍበት ሰሞን፣ ረዳቴ "ጋሼ፣ መብራቷ በራች" ሲለኝ ልቤ ነው የወደቀው። ሞተሩ ይውረድ ተባልኩ። ጌጅ አሰርን፤ ሞቆ ሚኒሞ ላይ 0.4 አነበበ። ዘይቱን አውርደን ከሥር ያለውን ኮፓ፣ የዘይቱን ማጠራቀሚያ፣ ስንፈታ ወንፊቱ ላይ እንደ በርበሬ ልጣጭ የተጠቀለለ ቀይ ሲሊኮን ተለጥፏል፣ ከግማሽ በላይ ቀዳዳው ተደፍኗል። ከዚያ በፊት ኮፓው ያፈስ ነበርና ያሠራሁበት ጋራዥ ሲሊኮኑን አብዝቶ ለጥፎት ኖሮ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተቆርሷል። ረዳቴ ወንፊቱን በናፍታና በብሩሽ አጠበው፣ ሲሊኮኑን በስሱ ቀብተን ዘጋን፤ ጌጁ 1.4 ላይ ቆመ። ያን ቀን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም።

ኮፓው ተፈትቶ ሳለ የመምጠጫው ቱቦ መሰንጠቁንና የመጋጠሚያው ጎማ መድረቁን እዩ፤ በዚያ አየር ከገባ የዘይት ፖምፓው አረፋ ነው የሚገፋው። የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭም አውጡ። ውስጡ ያለው ትንሽ ፒስተን በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት፤ ቆሻሻ ይዞት ክፍት ከቀረ ዘይቱ ወደ ኮፓው ይመለሳል። እጠቡት፣ ስፕሪንጉ ከደከመ ቀይሩት። ግፊቱን ለመጨመር ከስፕሪንጉ ሥር ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) መደርደር ግን ጌጁን እንጂ ሞተሩን አያድንም፤ በብርድ ግፊቱ ከልክ አልፎ ፊልትሮ ሊያፈነዳ ይችላል።

ወፍራም ዘይት መሙላትም እንደዚሁ ነው። መብራቷን ያጠፋታል፣ ሕመሙን ይሸፍነዋል። በጎንደር የማለዳ ብርድ ደግሞ ወፍራም ዘይት ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ ብረቱም እስከዚያ ደርቆ ይሠራል።

ቤሪንግ ሲሆን

የወጣውን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉ። ማግኔት የሚያነሳው ብናኝ ብረት ነው። ማግኔት የማይነካው ብርማ ወይም መዳብማ ቅርፊት በአብዛኛው የቤሪንግ ነው። ከሥር ጭነት ላይ የሚብስ ወፍራም የማንኳኳት ድምፅ ካለም ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቤሪንጉን የሚይዙትን ካፖች አንድ በአንድ ፈትታችሁ፣ ቦታቸው እንዳይቀያየር ምልክት አድርጋችሁ እዩ። የመዳቡ ቀለም ከወጣ ቤሪንጉ ጨርሷል።

ሆኖም ቤሪንግ ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይበቃም። ክራንክሻፍቱ በማይክሮሜትር ይለካ። ተጭሮ ወይም ክብነቱን አጥቶ ከተገኘ ሬክቲፊካ (የሞተር ክፍል የሚሞረድበት ቤት) ገብቶ ይሞረድ፣ ቤሪንጉም በዚያው ልክ፣ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር፣ ይገዛ። ፖምፓው ተፈትቶ የጥርሶቹ ክፍተት ይታይ፤ የዘይት መንገዶቹና ማቀዝቀዣው ይታጠቡ፣ የቀረው ብናኝ አዲሱን ቤሪንግ ስለሚበላው።

ሲዘጋ ፖምፓውን በንጹሕ ዘይት ሙሉት፣ ፊልትሮውንም ቁሞ የሚታሰር ከሆነ ሙሉት። ናፍታውን ዘግታችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አጠር አጠር እያደረጋችሁ አዙሩ፣ ሞተሪኖው እንዳይግል እያሳረፋችሁ። ጌጁ ሲነሳ ናፍታውን ክፈቱና አስነሱ።